የግራ እግሯ ነገር

ጎንደር፣ አዘዞ፣ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ፣ ከቆርቆሮው ጥላ ስር፣
በሦስት ክሪክ ተደግፋ፣ ሆዷ አንድ ክንድ ከምድር፣
ቆማለች።
ስድስት ክረምት ፈጅቶባት ጋሽ አዛናው የሠራት፣
የብረታ ብረት መምህር በጡረታው ያገባት፤
ሚስቱ እትዬ ስንዱማ «ጣውንቴ» ነው የምትላት።

ፓምፑን ስንጫን
ቀኟ ይወርዳል፣ ቀጭ ብሎ ይቆለፋል፤
ግራዋ ግማሽ መንገድ ላይ ያመነታል፣ ያንቀላፋል፣
አማቱ ቤት እንደገባ አዲስ ሙሽራ
ልቀመጥ ወይስ ልቁም ሲል፣ ወንበር ሲፈራ።
ከሁለቱ አረንጓዴ መብራት አንዱ ብቻ ነው የበራ።
መብራቱማ ምን በደለኝ? ያየውን ነው የነገረኝ፤
ግራ እግሯ ነው ግራ ገብቶት፣ እኔንም ግራ ያጋባኝ።

እኔ የሲኖትራክ ሐኪም ነኝ፤
የገልባጭ ጉልበት ሲዝል ነው የሚጠሩኝ ከየቤት፤
አውሮፕላን ለእኔ እንግዳ ነው፤ ዘይት ግን ያው ዘይት፣
ብዬ ነበር።
(ይህቺን ቃል ያዙልኝ፤ እመለስባታለሁ።)

ከማጠራቀሚያው ጀመርን፤ ልኩ ላይ ነው፣ አልጎደለ።
«አየር ይሆናል» አለ ጋሽ አዛናው፣ እጅጌውን እየጠቀለለ።
ቱቦ ውስጥ የገባ አየር እሺ ባይ ጎረቤት ነው፤
ሲጫኑት እሺ፣ እሺ ይላል፣ ሸክሙ ሲመጣ ማን አየው!
እሱ ሲገፋ እኔ ስከፍት፣ እሱ ሲይዝ እኔ ስዘጋ፣
አረፋው ወደ ጠርሙሱ ሲወርድ፣ ፀሐይ አናታችን ስትጠጋ፣
አረፋው አለቀ። እግሯ ግን ያው።
ጌጅ ገጠምን፤ ግፊቱ ሙሉ። ፓምፑ ንጹሕ ነው።
ቱቦዎቹን አቀያየርኩ፣ የቀኙን ለግራ ሰጠሁ፤
ሰነፉ እዚያው ሰነፈ።
እንግዲህ በሽታው ሲሊንደሩ ቤት ነው፤ በሩን አንኳኳሁ።

አስር ሰዓት ግድም የአዲስ አበባው በረራ ከላያችን አለፈ፣
እግሮቹን ዘርግቶ፣ ወደ ማረፊያው እየከነፈ።
ጋሽ አዛናው ቆቡን አውልቆ ቆጠረለት፦
«አፍንጫ። ግራ። ቀኝ።»
ሌላ ቃል አልጨመረበት።

ፈታሁት። ዘንጉ መስተዋት ነው፣ ጭረት የለው፤
ጎሚኒው ግን አብጧል፤ ደም የጠገበ መዥገር ነው።
የእሷ ዘይት ቀይ ነበር፤
ከዚህ የፈሰሰው ደፍርሷል፣ አድልቷል ወደ ብጫ፤
ጣቴን ነክሬ አሸተትኩት፤
የገዛ ጋራዤ ሽታ ነው፣ የለውም ማምለጫ።

ሐምሌ ነበር፤ ዝናብ በቆርቆሮ፤ ጋሽ አዛናው ቆላድባ
ለቅሶ ሄዶ፣ ሳይገባ፤
የግራው መስመር ጎድሎ፣ ቀዩ ዘይት አልቆብኝ፣
ከመደርደሪያዬ የፍሬን ዘይት አንስቼ ሞላሁኝ።
ዘይት ያው ዘይት!
ያዙልኝ ያልኳችሁ ቃል ይህቺው ናት።
ለዚያ ጎሚኒ ግን አንዱ ቀለብ ነው፣ አንዱ መርዝ ሆነበት።
ሌባ ልይዝ ወጥቼ የራሴን ኮቴ አገኘሁት።

«የፋብሪካ ስህተት ነው» ማለት ይቻለኝ ነበረ፤
ምላሴ እንደ ጎሚኒው አብጦ ግማሽ መንገድ ላይ ቀረ።
ከዚያ ወረደ። ነገርኩት።

አልጮኸም። የጥገና ደብተሯን አመጣ፣
ዘይት የነካካው ጠርዟ ከሽፋኑ የወጣ።
«ጻፈው» አለኝ። «ቀኑን፣ ዘይቱን፣ ስምህን።
እኔ ብሞት፣ ቀጣዩ ሰው ምን እንደጠጣች ይወቅ።»
እስክሪብቶው ከመፍቻ ከበደኝ፦
«ሐምሌ ዘጠኝ። የፍሬን ዘይት። ተዋበ አስረስ።»
ከስሩ፣ በእሱ እጅ ጽሑፍ፦ «አይቻለሁ። አዛናው።»

ቱቦው ሁሉ ታጠበ፤ ቀኙም ተፈታ፣ ለጥርጣሬ።
አዲሱ ጎሚኒ በአውቶቡስ ሾፌር እጅ ይመጣል ተብሎ አልመጣም እስከ ዛሬ።
ግራ እግሯ ጋዜጣ ላይ ተኝቷል፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ፤
የጎማው ጉድጓድ ባዶ ነው ተብሎ
የእትዬ ስንዱ ዶሮ ገብታ እንቁላሏን ጥላለች፤
ስንዱ ጎንበስ ብላ አየችና
«ጣውንቴ ወለደች» አለች።